«ቪፒኤኑ በርቶ ነበር እኮ!»

እናቴ ደውላ እንዲህ ስትለኝ ቢሮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። «ከባንክ ነው የምደውለው» ያለ ሰው ሂሳቧን «ለማደስ» ብሎ በመልእክት የገባላትን ቁጥር ጠይቋት፣ እሷም አንድ በአንድ አንብባለታለች። ወዲያውኑ 18 ሺህ ብር ከሂሳቧ ወጣ። እናቴ ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት ናት፤ በቀላሉ የምትታለል ሴት አይደለችም። እውነቱን ለመናገር ደዋዩ ብቻ ሳይሆን እኔም አታልያታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በየካቲት 2015 ዓ.ም. ነው። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገራችን ለአምስት ወራት ያህል ተገድበው በቆዩበት ጊዜ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ነፃ ቪፒኤን አውርጄ ስልኳ ላይ ጫንኩላት። ዱባይ ካለችው እህቴ ጋር የልጆች ፎቶና የድምፅ መልእክት የሚለዋወጡት በቴሌግራም ነበር። «ይህቺ የቁልፍ ምልክት ከላይ ከታየችሽ ማንም አይነካሽም» አልኳት። ማርኬቲንግ ሥራዬ ነውና እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። «ሙሉ ጥበቃ» የሚል ቃል ከምን እንደሚጠብቅ ሳይናገር ይሸጣል።

ከምን ይጠብቃል ታዲያ? ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንደምትኖሩ አስቡ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ በስንት ሰዓት ወጥታችሁ ወዴት እንደሄዳችሁ ያያል። የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ እንደዚያ ጥበቃ ነው። ቪፒኤን ስትከፍቱ ደግሞ በተሸፈነ መተላለፊያ ወደ ሌላ ሰው ግቢ ትገቡና በእሱ በር ትወጣላችሁ። ጥበቃው የሚያየው እዚያ ግቢ መግባታችሁን ብቻ ነው። የምትጎበኙት ድረ ገጽም የሚያውቀው የዚያን ግቢ አድራሻ እንጂ የእናንተን አይደለም። የተዘጋ ገጽ የሚከፈተው በዚህ መንገድ ነው። ካፌ ውስጥ በዋይፋይ ስትጠቀሙም ከጎናችሁ የተቀመጠ ሰው የትኞቹን ገጾች እንደምትከፍቱ እንዳያይ ያደርጋል። ይዘቱንማ አብዛኞቹ ድረ ገጾችና የባንክ መተግበሪያዎች ዛሬ ያለ ቪፒኤንም ራሳቸው በምስጢር ቆልፈው ነው የሚልኩት።

የግቢው ባለቤት ግን መውጣት መግባታችሁን ያያል። እሱ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2013 ፌስቡክ ኦናቮ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ገዛ። ኩባንያው «ኦናቮ ፕሮቴክት» የሚባል ነፃ ቪፒኤን ነበረው። ሰዎች ይጠብቀናል ብለው የጫኑት መተግበሪያ የትኞቹን ሌሎች መተግበሪያዎች ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠቀሙ ለፌስቡክ ይነግር ነበር። አፕል በ2018 ከመደብሩ እንዲወጣ አደረገ፤ ፌስቡክም በ2019 ዘጋው። እንግዲህ ይህ ስሙ የታወቀ ኩባንያ ነው። እናቴ ስልክ ላይ የጫንኩት ቪፒኤን የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በየአገሩ ሰርቨር ተከራይቶ በነፃ የሚያድለን ሰው ወጪውን ከየት ይሸፍናል ብዬ አለመጠየቄ፣ በተለይ በእኔ ሙያ፣ ያሳፍራል።

ሌላው ደግሞ በራሳችሁ ስም የምትገቡበትን ቦታ ይመለከታል። ፌስቡክ ላይ በስማችሁ ከገባችሁ፣ ፌስቡክ እናንተን ለማወቅ የኢንተርኔት አድራሻችሁ አያስፈልገውም። የባትሪ መብራት የሚሰጥ መተግበሪያ የስልክ ማውጫችሁንና ያላችሁበትን ቦታ እንዲያይ ከፈቀዳችሁለት ቪፒኤኑ መካከል ገብቶ አይከለክለውም። ኢንተርኔቱ ራሱ ከተቋረጠም፣ በሰኔ 2012 ለሦስት ሳምንታት ያህል እንደሆነው፣ ቪፒኤን ዋጋ የለውም፤ የሚያልፍበት መስመር የለማ። በስልክ ደውሎ ቁጥር የሚጠይቅ ሌባማ ከነጭራሹ በኢንተርኔት አልመጣም።

ዘመድ አረብ አገር ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በተባበሩት አረብ ኢምሬትስ የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ የተገደበ ነው። እኛ ቤት «ቪፒኤን ጫኚና ደውዪልን» ማለት የተለመደ ነበር። በ2021 የወጣው የአገሪቱ የሳይበር ሕግ ግን ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመደበቅ ቪፒኤን የተጠቀመን ሰው በእስራት ወይም ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ቪፒኤን በራሱ አልተከለከለም፤ ኩባንያዎች ለሥራቸው ይጠቀሙበታል። ቢሆንም በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ እህት እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ ግቢ ብሎ ከሩቅ መምከር አይገባም። እኛ ትተነዋል።

ያን ቅዳሜ እናቴ ቤት ሄጄ ስልኳን አብረን አጸዳነው። ቪፒኤኑን አጠፋሁት። ቴሌግራሟ ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስገባን። የቃሉን ምርጫ ለእሷ ተውኩት፤ እኔም እንዳላይ ፊቴን አዞርኩ። ካሜራዋንና ማይክሮፎኗን እንዲከፍቱ የፈቀደችላቸውን መተግበሪያዎች ስንቆጥር 23 ሆኑ፤ ከእነሱም አንዱ የፆም ምግብ አሠራር ነበር! ሦስቱን ብቻ አስቀረን። በወረቀት ላይም «በመልእክት የመጣ ቁጥር ለባንክም፣ ለልጄም አይነበብም» ብላ በራሷ የመምህር ጽሑፍ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው።

ብሩ አልተመለሰም። ባንኩ ቁጥሩን ራሷ ስለሰጠች ኃላፊነት የለብኝም ብሏል፤ ለፖሊስ ያመለከትነውም ገና ምላሽ አላገኘም። ባለፈው ሳምንት ግን ሌላ ደዋይ መጣ። «እማማ፣ የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ሲላት «ቆይ ልጄ፣ መነጽሬን ላምጣ» ብላው፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ትታ ቡናዋን ልትቆላ ገባች። ሦስተኛው እስኪወርድ አልጠበቀም፤ በአቦሉ ላይ ዘጋው።