ቅዝቃዜ፣ ማጉያ መሣሪያና የልብ ምልክት

ልብ በመታ ቁጥር ቆዳ ላይ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ በአብዛኛው ከጥቂት ሚሊቮልት አይበልጥም። ይህን ደካማ ምልክት በኤሌክትሮካርዲዮግራም ወረቀት ላይ ለማንበብ የሚቻለው በመሣሪያው ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር ወይም ማጉያ ደጋግሞ ስለሚያጎላው ነው። ይሁን እንጂ ማጉያው ከምልክቱ ጋር የመጣውን ኖይዝ የተባለ የኤሌክትሪክ ሁከትም አብሮ ያጎላል።

ከሁከቱ ምንጮች አንዱ ሙቀት ነው። ጆንሰንና ናይኩዊስት እ.ኤ.አ. በ1928 እንዳስረዱት፣ በማንኛውም አስተላላፊ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች በሙቀት ምክንያት ያለማቋረጥ ይዋልላሉ። ከክፍል ሙቀት ተነሥቶ እስከ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢወረድ የዚህ ሁከት ቮልቴጅ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በፈሳሽ ሂሊየም፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ ደግሞ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። እጅግ ደካማ ምልክት የሚቀበሉ ማጉያዎች እንዲቀዘቅዙ የሚደረገው ስለዚህ ነው።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ተራ ባይፖላር ትራንዚስተሮች በዚህን ያህል ቅዝቃዜ የማጉላት አቅማቸውን በእጅጉ ስለሚያጡ ሌላ ዓይነት ትራንዚስተር መመረጥ አለበት። ማጉያው የሚያመነጨው ሙቀት ፈሳሹን እንዳያፈላውም የሚወስደው ኃይል እጅግ አነስተኛ መሆን ይኖርበታል። የተለያዩ ቁሶች እኩል ስለማይኮማተሩ ብየዳዎች ሊሰነጠቁ ይችላሉ።

ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በመንዟ ሞላሌ፣ የውርጭ ሌሊት ብርድ ለኤሌክትሮካርዲዮግራም መሣሪያ ይጠቅመው ይሆን? አይጠቅመውም። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ወደ ዜሮ ቢወርድ የሙቀት ሁከቱ የሚቀንሰው ከመቶ 4 እጅ ባነሰ ብቻ ነው። በአንጻሩ ብርዱ ታማሚውን ያንቀጠቅጠዋል። የሚንቀጠቀጥ ጡንቻ የራሱን ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ማጉያው ይህንንም ከልብ ምልክት ጋር ያጎላዋል። ንዝረቱ ፒ ሞገድን ሊሸፍንና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሊመስል ይችላል፤ ጤነኛ ልብም እንደታመመ ተቆጥሮ የማያስፈልግ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። የመሣሪያውን ማጣሪያ ማጥበቅ ንዝረቱን ቢቀንሰውም የልብን ፈጣን ሞገዶች ቅርጽ ሊያዛባ ይችላል።

ስለሆነም ከምርመራው በፊት ታማሚው በሞቀ ክፍል እንዲያርፍ፣ ደረቱና እጅና እግሩ ላይ ኤሌክትሮዶቹ ከተለጠፉ በኋላም በባና ወይም በብርድ ልብስ እንዲሸፈን ማድረግ ይገባል። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ መሣሪያ ደግሞ በውስጡ እርጥበት ሊቋጥር ስለሚችል ከመከፈቱ በፊት ጥቂት መቆየት አለበት። በቤተ ሙከራ ጥርት ያለ ምልክት የሚገኘው ማጉያውን በማቀዝቀዝ ሲሆን፣ በደጋ ጤና ጣቢያ ግን የሚገኘው ታማሚውን በማሞቅ ነው።