የባሕር ሽታ ከየት ይመጣል?

ባሕር ዳርቻ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ያንን ሽታ አይረሳውም። ብዙዎቻችን የጨው ሽታ ይመስለናል። ጨው ግን እኮ ሽታ የለውም! ወጥ ቤት ያለውን ማሽተት ትችላላችሁ። ለባሕር ሽታ ዋነኛ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ዳይሜታይል ሰልፋይድ የሚባል የድኝ ጋዝ ነው፤ ባጭሩ ዲኤምኤስ እንበለው። የምርቱ መነሻ ደግሞ ፕላንክተን ነው።

ፕላንክተን ውሃው ወደወሰደው የሚሄድ፣ አብዛኛው በዓይን የማይታይ ፍጡር ነው። ከእነዚህ ውስጥ እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩት ብዙዎቹ በሰውነታቸው አንድ የድኝ ውህድ ያጠራቅማሉ። ውህዱ የባሕሩን ጨዋማነት እንዲቋቋሙ ይረዳቸዋል። ፕላንክተኑ ሲሞት፣ ቫይረስ ሲያፈነዳው ወይም ሌላ ፍጡር ሲበላው ውህዱ ወደ ውሃው ይፈሳል። ባክቴሪያዎችም ይቀራመቱታል፤ ከፊሉ ወደ ዲኤምኤስ ይቀየራል።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ጋ መጠየቁ አይቀርም፦ ከተመረተው ስንቱ ገበያ ወጣ? አየር ላይ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። የቀረውን ሌሎች ባክቴሪያዎች እዚያው ይበሉታል፤ የተወሰነውንም የፀሐይ ብርሃን ይሰባብረዋል። አምራቹም ሸማቹም አንድ ውሃ ውስጥ ናቸው። እንዲያም ሆኖ የሚያመልጠው በዓመት ወደ 28 ሚሊዮን ቶን ድኝ እንደሚሆን ተገምቷል።

አሁን ትንሽ እናስላ። ከተመረተው 100 ውስጥ 90ው ውሃው ውስጥ ያልቃል እንበል። ይህ ወደ 80 ቢወርድ የሚያመልጠው ከ10 ወደ 20 ይሆናል። ምርቱ ምንም ሳይጨምር ወደ አየር የሚወጣው እጥፍ ሆነ ማለት ነው! ስለዚህ የፕላንክተኑን ብዛት ብቻ ቆጥሮ ጋዙን መገመት አይቻልም፤ የሚበላውንም መቁጠር ያስፈልጋል።

ይህ ጋዝ በውቅያኖስ ውሃ ውስጥ በስፋት መኖሩን ያሳየው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጄምስ ላቭሎክ ነው፤ በ1971 እና 1972 (እ.ኤ.አ.) ሻክልተን የተባለች መርከብ ወደ አንታርክቲካ ባደረገችው ጉዞ። በ1987 ደግሞ ከሦስት ሳይንቲስቶች ጋር አንድ ሐሳብ አቀረበ። ዲኤምኤስ አየር ላይ ወደ ጥቃቅን ብናኝ ይቀየራል፣ በብናኙ ዙሪያ የደመና ጠብታ ይሠራል፣ ደመናው የፀሐይን ብርሃን መልሶ ምድርን ያቀዘቅዛል። ባጭሩ ፕላንክተን ልክ እንደ ፍሪጅ ቴርሞስታት ሙቀት ሊቆጣጠር ይችላል ማለት ነው።

ሐሳቡ ብዙ ተወደደ፤ ብዙም ተተቸ። በ2011 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ፣ ለደመና የሚሆነው ብናኝ ከባሕር ጨውና ከሌሎች ምንጮችም ስለሚመጣ ቴርሞስታቱ እንደተባለው አይሠራም ሲል ተከራከረ።

ታዲያ ነገሩ ዛሬ ለምን ያሳስበናል? ከጥር 2020 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የመርከብ ነዳጅ የድኝ መጠን ጣሪያ ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ወርዷል። ለሳንባችን ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ያ ቆሻሻ ጭስም ደመናን ያነጣ፣ ሙቀትን በጥቂቱ ይሸፍን ነበር። የሰው ድኝ ሲቀንስ የፕላንክተኑ ድርሻ ይጎላል። ባሕሩ ደግሞ እየሞቀ ነው፤ ሙቀቱ አምራቹንም ሸማቹንም ይነካል። ማን ቀድሞ እንደሚለወጥ ሳይታወቅ የነገውን ደመና በትክክል መተንበይ ያስቸግራል።

ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ደርሳችሁ ያ ሽታ ሲቀበላችሁ፣ የሸተታችሁ ባክቴሪያዎች በልተው ያልጨረሱት ትርፍራፊ ነው።