«ሴሌኒየም» እና «ሴሌናይት»፦ በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት ነገሮች

ሴሌኒየም የአቶም ቁጥሩ 34 የሆነ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ከድኝ በታች፣ ከቴሉሪየም በላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1817 ስዊድናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ቤርሴሊየስ ከባልደረባው ከጋን ጋር ባገኘው ጊዜ በመጀመሪያ ቴሉሪየም መስሎት ነበር። ቴሉሪየም የተሰየመው በላቲን ቋንቋ «ምድር» ከሚለው ቃል ስለ ሆነ፣ ለአዲሱ ንጥረ ነገር በግሪክኛ «ጨረቃ» ማለት ከሆነው «ሴሌኔ» ስም ወጣለት። እንግዲህ ስሙ የሚነግረን ታሪኩን እንጂ ጠባዩን አይደለም፤ «ጨረቃማ» ብለን ብንተረጉመው አንባቢን ከማሳሳት በቀር የምናተርፈው የለም።

ግራጫው ሴሌኒየም ከፊል አስተላላፊ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ይጨምራል። ይህ ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1873 ከታወቀ በኋላ በብርሃን መለኪያዎችና በቀደሙት የፎቶ ኮፒ መሣሪያዎች አገልግሏል። በመስታወት ሥራም ከብረት የሚመጣውን አረንጓዴነት ያጠፋል፤ መጠኑ ሲጨምር ደግሞ ቀይ ቀለም ይሰጣል። በአብዛኛው የሚገኘው መዳብ በኤሌክትሪክ ኃይል ሲጣራ ከሚቀረው ዝቃጭ ነው።

ለሰው አካል በጥቂቱ አስፈላጊ፣ ሲበዛ መርዝ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 55 ማይክሮግራም ያህል ይበቃል፤ ስለዚህ ማይክሮግራሙን «ሚሊግራም» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ መጠኑን ሺህ እጥፍ አሳድጎታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው «ሴሌናይት» የሚለው ቃል ነው። በኬሚስትሪ የሴሌኒየም ጨው ስም ነው፤ ሶዲየም ሴሌናይት ለዚህ ምሳሌ ሲሆን ብርቱ መርዝነት አለው። በማዕድን ጥናት ግን ብርሃን የሚያሳልፍ የጀሶ ክሪስታል ስም ነው። ይህ ድንጋይ እንደ ጨረቃ ስለሚያበራ፣ ንጥረ ነገሩ ከመገኘቱ አስቀድሞ በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ ሴሌኒየም በባሕርዩ የለበትም። ሁለቱ የስም ዘመዶች እንጂ የባሕርይ ዘመዶች አይደሉም።

ስለዚህ የሚከተለው አጻጻፍ ቢለመድ ይበጃል። ንጥረ ነገሩ «ሴሌኒየም» ይባል። ውህዶቹ በድኝ ውህዶች አምሳል «ሴሌናይድ»፣ «ሴሌናይት»፣ «ሴሌኔት» ይባሉ፤ የጨው ስም ሲሆን የብረቱ ስም ዘወትር ይቅደም። ማዕድኑ ግን «ብርሃን አሳላፊ ጀሶ» ቢባል፣ መርዙና ድንጋዩ በመዝገበ ቃላታችን ውስጥ በአንድ ስም አይገናኙም።