ቡና ሲወዘወዝ አቦል ትታወቃለች

በሐረር ጀጎል ጠባብ መንገዶች የሚያልፍ ሰው ከግንቡ ጀርባ ያለውን ግቢ አያይም፤ የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ ግቢው መልሶ ለመንገዱ ጀርባውን የሰጠ ነውና። ሆኖም ዘነዘና ከሙቀጫ ሲጋጭ የሰማ፣ የሚቆላ ቡና ሽታ የደረሰው ሰው እዚያ ቤት ቡና ሊፈላ መሆኑን ለማመን ገብቶ ማየት አያስፈልገውም። መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድም ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። በምልክቱ ያልታየውን ማወቅ ለከተማው የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በዚሁ ዓይነት ዕውቀት የተደረሰባት፣ ስሟም ከቡና የተወሰደላት አንዲት ፕላኔት አለች፤ አቦል ትባላለች።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር አገሮች እያንዳንዳቸው አንድ ኮከብና በዙሪያው የምትዞር አንድ ፕላኔት እንዲሰይሙ ጋበዘ። ለኢትዮጵያ የደረሳት በመዝገብ ኤችዲ 16175 የሚባለው፣ አንድሮሜዳ በተሰኘው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለ ኮከብ ነበር። ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቷ አቦል ተባሉ። አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ መሆኗ ስያሜውን ያሳምረዋል፤ የግሪኮቹ ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ የሚያጠቃልል መሆኑ ሳይዘነጋ። ይሁንና አቦልን በዓይኑ ያየም ሆነ ፎቶግራፍ ያነሣት ሰው የለም። ታዲያ ስም ያወጣነው በእርግጥ ላለ ነገር ነው? ነው እላለሁ፤ እንዲያውም የአቦል መኖር የቆመበት ማስረጃ አንዴ ታየ ተብሎ ከሚነገር ብዙ ነገር የጸና ነው።

ፕላኔት ኮከብን ትዞራለች ስንል ግማሹን ብቻ መናገራችን ነው። ሁለቱም የሚዞሩት የጋራ የክብደት ማዕከላቸውን ነው፤ ፕላኔቷ ሰፊውን ዙር፣ ኮከቡ ደግሞ እጅግ ትንሹን። ስለዚህ ኮከቡ አንዴ ወደ እኛ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 እንዳስረዳው፣ ምንጩ ሲቀርብ ሞገዱ ይታመቃል፣ ሲርቅ ይለጠጣል፤ ብርሃን ሲሆን ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቀይ ይጠጋል ማለት ነው። የኮከብ ብርሃን በስፔክትሮግራፍ ተዘርግቶ እንደ ቀስተ ደመና ሲነጠፍ በላዩ ሺህ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ፤ ብረትም ካልሲየምም ሌላውም ንጥረ ነገር የየራሱ ቦታ አለው። የሚለካው የእነዚህ መስመሮች መንሸራተት ነው። አቦል ቡናን የምታወዛውዘው በሴኮንድ 50 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው፤ ይህ ከብርሃን ፍጥነት አንድ ስድስት ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። ምድር ራሷ ፀሐይን ስትዞር በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ ከተፈለገው ምልክት 600 እጥፍ የሚበልጥ የራሳችን እንቅስቃሴ አስቀድሞ መቀነስ አለበት። በካሊፎርኒያው የሊክ የምልከታ ጣቢያ ለዚህ የተገኘው ዘዴ ያስደንቀኛል። የኮከቡ ብርሃን ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት የአዮዲን ትነት በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። አዮዲኑ የራሱን መስመሮች በብርሃኑ ላይ ያትማል፤ እነዚያ ከቦታቸው ስለማይነቃነቁ እንደ ማስመሪያ ያገለግላሉ፣ የኮከቡ መስመሮች ስንት እንደተንሸራተቱ በእነሱ ይለካል።

በሊክ የተሰበሰበው ልኬት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም የቡና ውዝዋዜ ራሱን የሚደግም ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ዙር 990 ቀን ገደማ ይፈጃል። ውዝዋዜው ግን እኩል ወጥቶ እኩል የሚወርድ አይደለም። ለብዙ ወራት በዝግታ ይሄድና በአጭር ጊዜ ውስጥ በድንገት ይታጠፋል። ይህን ቅርጽ የሚሰጠው በጣም የተለጠጠ ምሕዋር ነው፤ አቦል አንዴ ምድር ለፀሐይ ካላት ርቀት ይልቅ ወደ ኮከቧ ትጠጋና፣ ከዚያ ሦስት እጥፍ አልፋ ትርቃለች። ስትጠጋ ትፈጥናለች፣ ኮከቡንም አጥብቃ ትስበዋለች።

ኮከቡ ራሱ ቢሆንስ የሚያታልለን? ጥያቄው ተገቢ ነው። ከዋክብት ይፈላሉ፣ ነጠብጣብ ያወጣሉ፤ ነጠብጣቡ ከኮከቡ ጋር ሲዞር መስመሮቹን አጣሞ የተንሸራተቱ ሊያስመስል ይችላል። በአልፋ ሴንታውሪ ቢ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ተገኘች የተባለችው ፕላኔት በ2015 ያው ልኬት እንደገና ሲመረመር ቀርታለች። የእሷ ምልክት ግን በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ነበር፤ የአቦል ምልክት የዚያ መቶ እጥፍ ይሆናል። ነጠብጣብ በሳምንታት የሚቆጠር ዑደት ይኖረዋል እንጂ ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ፣ ያንን የተለየ መታጠፊያ ይዞ የሚመለስ ቅርጽ አያበጅም። ከሁሉ በላይ በሌላ አገር፣ በሌላ መሣሪያ ተፈትኗል። ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎዝ እ.ኤ.አ. በ1995 ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያዋን ፕላኔት ያገኙበት የፈረንሳዩ ኦት ፕሮቫንስ ጣቢያ ቡናን ለካው፣ ውጤቱም በ2016 ታተመ፤ አቦል እዚያም ተገኘች። አንድ ነገር ግን እውነት ነው። ዘዴው የሚለካው ወደ እኛና ከእኛ ያለውን እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ የምሕዋሩን ዘመም አይነግረንም፤ ስለዚህ የአቦል ክብደት ቢያንስ ከአራት ጁፒተር ይበልጣል ይባላል እንጂ ትክክለኛው በዚህ ዘዴ አይቆረጥም። ይህ የመጠን ጥያቄ ነው፤ መኖሯን አይነካም።

ቡናን ራሱን ግን ማየት ይቻላል። በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ መብራት ካልበዛበት ቦታ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው፣ አልማክና አልጎል የሚባሉትን ሁለት ደማቅ ከዋክብት ያገኛል። ቡና በሁለቱ መካከል አጋማሽ ላይ ነው፤ በባዶ ዓይን አይታይም፣ ተራ ባይኖኩላር ይበቃዋል። የሚደርሰው ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው ወደ 200 ዓመት ገደማ በፊት፣ ሐረር በራሷ አሚሮች ስትተዳደር፣ የጀጎል በሮች ማታ ማታ ሲዘጉ ነው።