ፊርማው የኢስላማባድ፣ ውሳኔው የራዋልፒንዲ

በፌብሩዋሪ 1999 የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር አታል ቢሃሪ ቫጅፓዪ በአውቶቡስ የዋጋን ድንበር ተሻግረው የፓኪስታኗ ላሆር ገቡ (ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው)። የፓኪስታኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ናዋዝ ሻሪፍ በክብር ተቀበሏቸው። ሁለቱ አገሮች ኑክሌር ከሞከሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበርና የላሆር መግለጫ ሲፈረም ብዙ ሰው እፎይ አለ። በዚያው ሰሞን ግን የፓኪስታን ጦር ካሽሚርን ለሁለቱ አገሮች የሚከፍለውን የቁጥጥር መስመር አልፎ ከካርጊል በላይ ያሉትን በረዷማ ተራሮች ለመያዝ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ሕንድ በሜይ ደረሰችበት። በጦርነቱ ከሁለቱም ወገን በመቶዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች አለቁ።

ሻሪፍ ጁላይ 4 ዋሽንግተን ሄደው ከፕሬዚዳንት ክሊንተን ጋር ከተነጋገሩ በኋላ ጦሩ እንዲወጣ ተስማሙ። ስለ ዘመቻው አስቀድሞ እንዳልተነገራቸው ይናገራሉ። የያኔው የጦር አዛዥ ፔርቬዝ ሙሻራፍ ደግሞ በሕይወት እስከነበሩ ድረስ “ያውቁ ነበር” ብለው ተከራክረዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከሁለቱ ማን እውነቱን ተናገረ የሚለው አይደለም። ኑክሌር ከታጠቀ ጎረቤት ጋር የሚያዋጋ ውሳኔ ካቢኔው በግልጽ መክሮበት ቃለ ጉባኤ ቢያዝለት ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ክርክር ከመነሻውም ባልተነሣ ነበር። በኦክቶበር 12 ሙሻራፍ መንግሥቱን ገለበጡ፤ ሻሪፍም ታሰሩ፣ ኋላም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሰደዱ።

ጦሩ በውጭ ጉዳይ ላይ መወሰኑ ከሻሪፍ በፊትም ነበር። በ1988 ቤናዚር ቡቶ በምርጫ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ የአፍጋኒስታንና የኑክሌር ጉዳይ ለጦሩ እንዲተው ተስማምተው ነው ሥልጣን የያዙት። ከእሳቸው በፊት አገሪቱን የገዙት የወታደራዊው መሪ የጄኔራል ዚያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ጡረተኛው ጄኔራል ሳሃብዛዳ ያቁብ ካን በቦታቸው ቀጠሉ። በቀጣዩ ዓመት በወታደራዊው የስለላ ድርጅት በአይኤስአይ ድጋፍ የአፍጋኒስታኗን ከተማ ጃላላባድን ለመያዝ የተካሄደው ዘመቻ ከሸፈ። ቤናዚርንም ሃያ ወር እንደገዙ ፕሬዚዳንቱ አሰናበቷቸው። በ2008 ደግሞ የሲቪሉ መንግሥት አይኤስአይን በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር አደርጋለሁ ብሎ ባወጀ በአንድ ቀን ውስጥ ውሳኔውን ሻረ።

የውጭ ዲፕሎማቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሚኒስትሩን ኢስላማባድ ላይ ካነጋገሩ በኋላ፣ ቁርጡን ለመስማት የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ወዳለበት ወደ ጎረቤቷ ራዋልፒንዲ ይሄዳሉ። ስለዚህ የተመረጠ መሪ ቃል ሲገባ ሌላው ወገን “ጄኔራሉስ?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጦሩ ሁልጊዜ ጠብ ፈላጊ ነው ማለት ግን አይደለም። በ2021 የጦር አዛዡ ቃማር ጃቬድ ባጅዋ ከሕንድ ጋር ያለፈውን እንቅበር አሉ፤ በቁጥጥር መስመሩ ላይም ተኩስ ቆመ። ከሕንድ ስኳርና ጥጥ ለማስገባት የተያዘውን ዕቅድ ውድቅ ያደረገው በተራው የጠቅላይ ሚኒስትር ኢምራን ካን ካቢኔ ነው። ለእኔ ይህ ከካርጊል ያልተናነሰ ትምህርት አለው፤ በጄኔራሎች መካከል በስውር የተበጀ ሰላም ፓርላማ ላይ የሚሟገትለት ሰው አያገኝም። በዓመቱ፣ ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት ዕለት ካን ሞስኮ ነበሩ። ባጅዋ ደግሞ ብዙ ሳይቆዩ ወረራው በአስቸኳይ ይቁም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። አንድ አገር በሁለት አፍ ተናገረ፤ ካንም በዚያው ሰሞን በፓርላማ ድምፅ ከሥልጣን ወረዱ።

ሲቪሎቹም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ተቃዋሚ ሆነው ሳሉ ተቀናቃኛቸውን ለመጣል የጦሩን ደጅ ያልጠና ትልቅ ፓርቲ ማግኘት ይቸግራል። ባጅዋ በ2022 ጡረታ ሲወጡ ጦሩ ለሰባ ዓመታት በፖለቲካ ጣልቃ መግባቱ ከሕገ መንግሥቱ ውጭ እንደነበር አምነው፣ ከእንግዲህ አይደገምም አሉ። በጁን 2025 ተተኪያቸው አሲም ሙኒር ጠቅላይ ሚኒስትራቸው በሌሉበት ከፕሬዚዳንት ትራምፕ ጋር በኋይት ሐውስ ምሳ በሉ። በኖቬምበር የወጣው 27ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ደግሞ ሙኒርን የሦስቱም ኃይሎች የበላይ አዛዥ አደረጋቸው፤ ለፊልድ ማርሻልነት ማዕረጋቸውም የዕድሜ ልክ ያለመከሰስ መብት ሰጠ። ድምፅ ሰጥተው ያጸደቁት የፓርላማ አባላት ናቸው።