በወርቅ ጌጥ ዋጋ ውስጥ የተሸሸገው አምስት በመቶ

በዱባይ ዴይራ፣ በሻርጃ ማዕከላዊ ገበያ ወይም በአጅማን የወርቅ ሱቆች ጌጥ የሚገዛ ሰው በደረሰኙ ላይ የሚያየው አንድ አምስት በመቶ ብቻ ነው፤ እርሱም የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ሌላው አምስት በመቶ አይታይም። ይኸኛው ተሠርቶ ያለቀ ጌጥ ከውጭ ሲገባ አስመጪው የሚከፍለው የጉምሩክ ቀረጥ ሲሆን፣ ከጌጡ ዋጋ ጋር ተደምሮ ገዢው ዘንድ ይደርሳል።

ቀረጡ በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በጌጣጌጥ ላይ መጣል የጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ነው። ጥፍጥፍ ወርቅ ግን ከቀረጡ ነፃ ሆኖ ቀጥሏል። ስለዚህ ከጥፍጥፍ ወርቅ እዚያው አገር ውስጥ የተሠራ አምባር ይህን ቀረጥ አይሸከምም፤ ከጣሊያን ተሠርቶ የመጣው ይሸከማል። ከሕንድ ጋር የተደረገው የኢኮኖሚ አጋርነት ስምምነት ሜይ 1 ቀን 2022 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ደግሞ የሕንድ ጌጥ ያለ ቀረጥ ይገባል።

ሁለቱም ክፍያዎች በመላ አገሪቱ አንድ ናቸው። ከዱባይ አጅማን ድረስ በመሄድ ቀረጥም ሆነ ታክስ አይቀንስም። ከሱቅ ሱቅ የሚለያየው የእጅ ዋጋ ነው፤ መከራከር የሚያዋጣውም በእርሱ ላይ ነው።

ከደመወዙ ቆጥቦ ወርቅ ለሚገዛ ሠራተኛ የነገሩ ክብደት የሚታየው ጌጡን መልሶ ሲሸጥ ነው። ለምሳሌ ያህል የ21 ካራት ወርቅ ግራሙ 400 ድርሃም፣ የእጅ ዋጋው ደግሞ በግራም 40 ድርሃም ነው እንበል። የ20 ግራም አምባር 8,800 ድርሃም ይሆናል፤ ታክሱ 440 ሲጨመርበት 9,240 ይደርሳል። ታክሱ የሚታሰበው በእጅ ዋጋው ላይ ብቻ ሳይሆን በወርቁም ላይ ነው። የወርቁ ዋጋ ሳይለወጥ በማግስቱ ቢሸጥ ግን ሚዛን ላይ የሚወጣው ወርቁ ብቻ ስለሆነ የሚገኘው ቢበዛ 8,000 ነው። 1,240 ድርሃም ቀርቷል ማለት ነው። ለጌጥነት የተገዛ እንደሆነ ይህ የውበት ዋጋ ነው፤ ለቁጠባ ከሆነ ግን ከባድ ኪሳራ ነው።

ንጥረቱ 99 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ለመዋዕለ ንዋይ የሚውል ጥፍጥፍ በዜሮ መጣኔ ስለሚታይ ታክስ አይከፈልበትም። 21 ካራት 87.5 በመቶ ወርቅ ብቻ ስለያዘ፣ አምባሩ የቱንም ያህል ቢከብድ ከዚህ አይመደብም።

ለጉብኝት የመጣች እናት በመርሐ ግብሩ ከተመዘገበ ሱቅ በራሷ ፓስፖርት ከገዛች፣ ከአገር ስትወጣ የታክሱን አብዛኛውን ክፍል ማስመለስ ትችላለች። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ልጇ ግን ይህ መብት የለውም።

የከበሩ ማዕድናትና ጥሬ ገንዘብን ጨምሮ ከ60,000 ድርሃም በላይ ዋጋ ይዞ የሚገባም ሆነ የሚወጣ መንገደኛ ለጉምሩክ ማሳወቅ አለበት። በዚህ ጊዜ የግዢ ደረሰኙን ይዞ መገኘት ይጠቅማል፤ ክብደቱ፣ ካራቱና የእጅ ዋጋው ለየብቻ የተጻፈበት ደረሰኝ ደግሞ ጌጡን መልሶ ለመሸጥም ያገለግላል።