ዋጋቸውን በሸክላው ሽፋን ላይ ያተሙ ሙዚቀኞች

የአንድ ሸቀጥ ዋጋ የሚወሰነው ወጪው ከተደመረና ትርፉ ከታከለበት በኋላ መሆኑ በነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። አስመጪው የፋብሪካውን ዋጋ፣ የመርከቡን ኪራይ፣ ቀረጡንና የመጋዘኑን ወጪ አንድ በአንድ ጽፎ ይደምራል፤ ቸርቻሪውም የሱቁን ኪራይና የሠራተኛውን ደመወዝ ጨምሮበት ለገዢው ያቀርባል። በአሜሪካ ርእሰ ከተማ በዋሺንግተን የተነሣው ፉጋዚ የተባለው የሮክ ሙዚቃ ጓድ ግን ይህን ሒሳብ ገልብጦ ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲሠራበት ኖሯል። አስቀድሞ ዋጋውን ይቆርጣል፤ ከዚያም ወጪው በዚያ ዋጋ ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል። በ1993 (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው አልበምና እርሱን ተከትሎ ያደረገው የኮንሰርት ጉዞ ለዚህ አሠራር ብርቱ ፈተና ስለ ነበረ፣ የሮክ ሙዚቃን ለማይወድ ነጋዴ እንኳ ታሪኩ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

ጓዱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የቀረበው በሴፕቴምበር 3 ቀን 1987 በዋሺንግተን ዊልሰን ሴንተር በሚባለው አዳራሽ ነው። ሥፍራው በዚያው ዘመን ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት ከከፈቱበት ከአዳምስ ሞርጋን ሠፈር ብዙ አይርቅም። ጊታር እየመቱ የሚዘፍኑት ሚስተር ኢያን ማካይና ጥቂት ቆይተው የተጨመሩት ሚስተር ጊ ፒቾቶ፣ ቤዝ ጊታር የሚመቱት ሚስተር ጆ ላሊ፣ ከበሮ የሚመቱት ሚስተር ብሬንዳን ካንቲ ናቸው። እንዲህ ያለው ጓድ በሙዚቃው ንግድ ቋንቋ «ኢንዲ» ይባላል፤ ይኸውም ከታላላቆቹ የሸክላ ኩባንያዎች ውጭ ሆኖ ራሱን ችሎ የሚሠራ ማለት ነው።

አልበሞቹን የሚያሳትመው ዲስኮርድ ሬከርድስ የተባለው ድርጅት ከጓዱ በዕድሜ ይበልጣል። ሚስተር ማካይ ገና ወጣት ሳሉ ቲን አይድልስ በሚባል ጓድ ይጫወቱ ነበር። ጓዱ በ1980 ሲበተን ከየዝግጅቱ ያጠራቀመው 600 ዶላር ገደማ በእጁ ነበረ። አባሎቹ ገንዘቡን ከመከፋፈል ይልቅ አንድ ትንሽ ሸክላ ማሳተምን መረጡ፤ ሚስተር ማካይም ከጓደኛቸው ከሚስተር ጄፍ ኔልሰን ጋራ ሆነው ድርጅቱን አቋቋሙ። የሸክላ ሽፋን እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ስላልነበረ ከእንግሊዝ አገር የመጣ አንድ ሽፋን ፈትተው አጥፋቱን አጠኑ፤ በወረቀት ላይ አሳትመውም በመቀስ እየቆረጡና በሙጫ እያጣበቁ 1,000 ያህሉን በገዛ እጃቸው ሠሩ።

ሸቀጡ አልሸጥ ብሎት የከሰረ ነጋዴ ብዙ ነው። ይህ ድርጅት ግን ሸቀጡ እጅግ ስለ ተሸጠ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። በ1983 ማይነር ትሬት የተባለው የሚስተር ማካይ ሌላ ጓድ «አውት ኦፍ ስቴፕ» የተሰኘውን ሸክላ ባወጣ ጊዜ የታተመው ሁሉ ፈጥኖ አለቀ። ፋብሪካው እንደገና ለማተም ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሸክላውን በዱቤ የወሰዱት አከፋፋዮች ግን ሒሳባቸውን የሚከፍሉት ዘግይተው ነው። ገዢ በደጅ ቆሞ ሳለ ማሳተሚያ ገንዘብ ታጣ። ማንኛውም አስመጪ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። መፍትሔው ከለንደን መጣ፤ በዚያ ሰዘርን የተባለውን ስቱዲዮና ማከፋፈያ የመሠረቱት ሚስተር ጆን ሎደር የማሳተሙን ወጪ በዱቤ ሸፍነው ገንዘባቸውን ከሽያጩ ለመቀበል ተስማሙ። ዲስኮርድ ከሙዚቀኞቹ ጋራም ቢሆን የጽሑፍ ውል አይፈራረምም። የማሳተሚያው ወጪ ከተመለሰ በኋላ ትርፉን ከጓዱ ጋራ ይካፈላል፤ የሚያሳትመውም የዋሺንግተንና የአካባቢዋን ጓዶች ሥራ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ። የፉጋዚን ሸክላ ወይም ሲዲ የያዘ ሰው በሽፋኑ ላይ፣ በፖስታ ከድርጅቱ ሲታዘዝ የሚከፈለው ዋጋ የመላኪያውን ወጪ ጨምሮ ታትሞ ያገኝ ነበር። ዋጋው እንደ ሸክላውና እንደ ሲዲው ዓይነት በ8ና በ10 ዶላር መካከል ነበር፤ በዚያው ጊዜ የታላላቆቹ ኩባንያዎች ሲዲ በየሱቁ 15 ዶላርና ከዚያም በላይ ይሸጥ ነበር። ባለ ሱቁ በታተመው ዋጋ እንዲሸጥ የሚያስገድደው ሕግ የለም። ነገር ግን ገዢው ሽፋኑን ገልብጦ ባነበበ ጊዜ፣ ሱቁ ምን ያህል እንደ ጨመረበት ወዲያው ያውቃል። ደንበኛው ራሱ የዋጋ ተቆጣጣሪ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ የቸርቻሪው ትርፍ ጠባብ እንደ ነበረ አይካድም፤ ሆኖም ሸቀጡ በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ዓይነት አልነበረም።

የኮንሰርቱ መግቢያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዶላር ነበር። በሩም በማንኛውም ዕድሜ ላለ ሰው ክፍት እንዲሆን ጓዱ ያዝ ነበር፤ በአሜሪካ አገር መጠጥ የሚሸጥባቸው ቤቶች ወጣቶችን ስለማያስገቡ ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። 1,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ሙሉ ለሙሉ ቢሞላ የሚሰበሰበው 5,000 ዶላር ነው እንበል። ከዚህ ላይ የአዳራሹ ኪራይ፣ የድምፅ ማጉያው፣ የዘበኞቹና የማስታወቂያው ወጪ ይነሣል፤ የተረፈውን አዘጋጁና ጓዱ ይካፈሉታል። በ20 ዶላር የሚያስገባ ሌላ ጓድ ግን ያንኑ 5,000 ዶላር ከ250 ሰው ያገኛል። ርካሽ ዋጋ ባዶ ወንበር አይችልም። ስለዚህ አዳራሹ መሙላት፣ ወጪውም እስከ ሥሩ መቆረጥ ነበረበት።

እንዴት እንደ ተቆረጠ ማየት ይጠቅማል። ሥራ አስኪያጅ አልነበረም፤ ደላላ አልነበረም። የጉዞውን መርሐ ግብር ስልክ እየደወሉ ከየከተማው አዘጋጅ ጋራ የሚነጋገሩት ሚስተር ማካይ ራሳቸው ነበሩ። ባለ አዳራሹ በ5 ዶላር አልሠራም ያለ እንደሆነ ጓዱ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወይም የስፖርት አዳራሽ ፈልጎ ይጫወት ነበር። ለቴሌቪዥን የሚሆን የሙዚቃ ፊልም አይሠራም ነበር። ሌሎች ጓዶች ከመግቢያው ይልቅ የሚያተርፉበትን፣ ስም የታተመበትን ካናቴራ እንኳ አይሸጥም ነበር፤ ስለዚህ በጉዞ ላይ የሚጫን፣ የሚቆጠርና የሚጠበቅ ሸቀጥ አልነበረውም።

በዚህ በመጨረሻው ጉዳይ የጓዱ ሒሳብ ትክክል ነበር ለማለት ያስቸግራል። ፈላጊ ያለው ዕቃ ባለቤቱ ባይሸጠው ሌላ ሰው ይሸጠዋል። «ይህ የፉጋዚ ካናቴራ አይደለም» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ካናቴራ በሌሎች እጅ እየተሠራ በየቦታው ተሸጠ፤ ሙዚቀኞቹ እምቢ ያሉትን ገንዘብ ሌላው ሰበሰበው።

የተከፈለ ዋጋ ስለሚመለስበት መንገድም ለባለ ሱቅ የሚያስደንቅ ልማድ ነበራቸው። በአዳራሹ ውስጥ ሌላውን የሚደበድብ ወይም በሰው ራስ ላይ የሚዘል ሲገኝ ሙዚቃውን አቁመው በትሕትና ያስጠነቅቁታል፤ እምቢ ካለ ከአዳራሹ ይወጣል። ሲወጣም 5 ዶላር ያለበት ፖስታ ይሰጠዋል። ፖስታዎቹ አስቀድመው የተዘጋጁ ነበሩ። ገንዘቡ ስለ ተመለሰለት ክርክር የሚያነሣበት ምክንያት አይኖረውም።

«ኢን ኦን ዘ ኪል ቴከር» የተባለው አልበም የተዘጋጀው በዚህ አሠራር ውስጥ ሆኖ ነው። በ1992 መጸው ጓዱ ወደ ቺካጎ ሄዶ በታወቁት የድምፅ ባለሙያ በሚስተር ስቲቭ አልቢኒ ዘንድ ቀረጸ። ውጤቱ ሙዚቀኞቹን ስላላረካቸው ያን ትተው፣ ከዋሺንግተን ከወንዙ ማዶ በአርሊንግተን በነበረው ኢነር ኢር ስቱዲዮ ከሚስተር ቴድ ናይስሊና ከሚስተር ዶን ዚየንታራ ጋራ እንደገና ቀረጹት። በራሱ ገንዘብ ለሚሠራ ሰው የተጠናቀቀን ሥራ ትቶ እንደገና መጀመር ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ ሁሉ ይረዳዋል። በሽፋኑ ላይ የከተማይቱ ምልክት የሆነው የዋሺንግተን ሐውልት የሚታይበት አልበም በጁን 30 ቀን 1993 ወጣ፤ «ቢልቦርድ» የተባለው የሙዚቃ ንግድ መጽሔት በየሳምንቱ በሚያወጣው የ200 አልበሞች ዝርዝር ውስጥም 153ኛ ሆኖ ገባ። ከጓዱ ሥራዎች በዚያ ዝርዝር የተመዘገበ የመጀመሪያው ይህ ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጊዜው ምን ዓይነት እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። በጃንዋሪ 1992 ኒርቫና የተባለው ጓድ «ኔቨርማይንድ» በተሰኘው አልበሙ የዚያኑ ዝርዝር አንደኛ ቦታ ከያዘ ወዲህ፣ ታላላቆቹ ኩባንያዎች በየከተማው እየዞሩ ኢንዲ ጓዶችን በብዙ ገንዘብ ያስፈርሙ ነበር። የፉጋዚ ተራ የደረሰው በዚያው በ1993 ጉዞ፣ ከ3,000 ሰው በላይ ይይዝ በነበረው በኒው ዮርክ ሮዝላንድ አዳራሽ በተጫወቱ ጊዜ ነው። የአትላንቲክ ሬከርድስ መሥራች ሚስተር አህመት ኤርቴጉን ራሳቸው ወደ ልብስ መለወጫው ክፍል መጡ። ሚስተር ኤርቴጉን በዋሺንግተን የቱርክ አምባሳደር የነበሩት ሰው ልጅ ነበሩ፤ ከተማይቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋት ነበር፤ ኩባንያቸውን በ1947 አቋቁመው ብዙ ታላላቅ ሙዚቀኞችን ያወጡ ሰው ነበሩ። ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆን ገንዘብና የጓዱ የራሱ የሆነ የማሳተሚያ ድርጅት እንደ ቀረበላቸው ይነገራል። ሙዚቀኞቹ አልተቀበሉም።

እምቢታው ለብዙ ሰው ግትርነት መስሎ ታይቷል። በሒሳብ ሲመረመር ግን ምክንያት አለው። ያን ያህል ገንዘብ በቅድሚያ የሚከፍል ኩባንያ ገንዘቡን የሚመልስበት መንገድ ይፈልጋል። የሲዲው ዋጋ እንደ ሌሎቹ ይሆናል፤ የ5 ዶላሩ መግቢያ ለማስታወቂያውና ለሠራተኛው አይበቃም፤ በሽፋኑ ላይ የታተመው ዋጋም ይፋቃል። ጓዱ የሚሸጠው ሙዚቃውን ብቻ ሳይሆን ለደንበኛው የገባውን ቃል ጭምር ይሆን ነበር።

ይህ አሠራር ግን ያለ ጉዳት አልነበረም። በ1987 በ5 ዶላር የተገዛውን ያህል ዕቃ ለመግዛት በ2002 ወደ 8 ዶላር ገደማ ያስፈልግ ነበር፤ ስለዚህ ዋጋው ባለበት ሲቆይ ገቢው በየዓመቱ ውስጥ ውስጡን ይቀንስ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት በአንዳንድ ቦታ ጥቂት ዶላር መጨመር ግድ ሆነ። ደግሞም አራት ሰዎች ስልኩን ራሳቸው አንሥተው፣ ዕቃውን ራሳቸው ጭነው የሚሠሩት ንግድ፣ ሃምሳ ሠራተኛ ላለው ቤት በቀጥታ ምሳሌ ሊሆን አይችልም።

በ1995 የወጣው «ሬድ ሜዲሲን» በዚያው ዝርዝር 126ኛ ሆኖ ገባ። የመጨረሻው አልበማቸው «ዘ አርጊዩመንት» በ2001 ታተመ፤ በኖቬምበር 4 ቀን 2002 በለንደን ከተጫወቱ በኋላም ጓዱ በሕዝብ ፊት መቅረቡን አቆመ። እስከዚያ ድረስ በ50ዎቹ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛትና በውጭ አገሮች ከ1,000 በላይ ኮንሰርት ያደረጉ ሲሆን፣ ከእነዚህ ከ800 የሚበልጡት በድምፅ ተቀርጸው ተቀምጠዋል። ዲስኮርድ በዲሴምበር 2011 እነዚህን ቅጂዎች በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረ። ለአንዱ ኮንሰርት የተተመነው ዋጋ 5 ዶላር ነበር፤ ገዢው ከፈለገ ከ1 ዶላር ጀምሮ እስከ 100 ዶላር ድረስ እንዲከፍል ተፈቅዶለት ነበር።